ቁጥር 37 የት ሄደ? ከብዙ ትርጉም በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያህል ይታመናል?

በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨርና በጎረቤቷ አውሮራ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች ከአንድ በላይ መጽሐፍ ቅዱስ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው ወፍራም የአማርኛ መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ አለ። ዳዊት የሚደግሙ እናት ወይም አባት ባሉበት ቤት የግእዙ መዝሙረ ዳዊትም አይታጣም። አሜሪካ ተወልደው ያደጉት ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛውን በስልካቸው ያነባሉ። ሁሉም አንድ መጽሐፍ እንደሆነ ይነገራል። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን ልዩነቶች ብቅ ይላሉ።

ለአብነት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን መውሰድ ይቻላል። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ፊልጶስ ቀርቦ ሲያስረዳው፣ በመጨረሻም ውኃ ዘንድ ደርሰው ሲጠመቅ የሚተርክ ምዕራፍ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ የቀረበ የሐዲስ ኪዳን ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጃንደረባው ከመጠመቁ በፊት እምነቱን በአንደበቱ የሚመሰክርበት ቁጥር 37 አለ። በአሜሪካ በስፋት በሚነበበው «ኒው ኢንተርናሽናል ቨርዥን» በተሰኘው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ንባቡ ከቁጥር 36 በቀጥታ ወደ ቁጥር 38 ይዘልላል።

አንድ ልጅ «ቁጥሩ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለት ዓይነት ፈጣን መልስ ሊሰጠው ይችላል። አንዱ «ፈረንጆቹ ቆርጠው አወጡት» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ከስንት ቋንቋ ወደ ስንት ቋንቋ ሲገለበጥ የኖረ መጽሐፍ መቼም እንደነበረ ሊቆይ አይችልም» የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች መጻሕፍቱ በእርግጥ የተጓዙበትን መንገድ ሳይመረምሩ የሚሰጡ ናቸው። ያንን መንገድ ለመከተል ደግሞ የኢትዮጵያን ያህል ብዙ ማስረጃ የሚያቀርብ አገር ጥቂት ነው።

ከጆሮ ወደ ጆሮ

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በአንድ የልጆች ጨዋታ ምሳሌ ነው። ልጆች ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ያቀብላል። መጨረሻ ላይ የሚሰማው ቃል ከመነሻው ጋር ስለማይገናኝ ሁሉም ይስቃል። መጽሐፍ ቅዱስም ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛም ወደ አማርኛ እንዲሁ ተንሾካሹኮ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

ምሳሌው በሦስት ነገር ይሳሳታል። አንደኛ፣ በጨዋታው የተነገረው ቃል ወዲያው ይጠፋል፤ የተጻፈ ግን በብራናና በፓፒረስ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በጨዋታው ያለው ሰልፍ አንድ ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በግብጽ፣ በሶርያ፣ በአርመን፣ በሮምና በአክሱም በተለያዩ ሰልፎች ተጉዟል። አንዱ ሰልፍ ሲሳሳት ሌላው ይመሰክርበታል። ሦስተኛ፣ ዛሬ የሚሠራ ተርጓሚ ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ብቻ አይቀበልም፤ ተነሥቶ ወደ ሰልፉ መጀመሪያ አካባቢ በመሄድ የዕብራይስጡንና የግሪኩን ንባብ ይመለከታል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት እውነት አለ። ነቢያቱና ሐዋርያቱ በእጃቸው የጻፉት ቅጂ አንድም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያለው ሁሉ የቅጂ ቅጂ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ «ይታመናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲጀመር ቅጂዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል ይስማማሉ፣ የማይስማሙበትስ ቦታ ይታወቃል ወይ የሚል ጥያቄ ነው።

ከግሪክ ወደ ግእዝ፦ የአክሱም ሥራ

ዴንቨር እ.አ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ በስሟ የተሰየመ የሕዝብ መናፈሻም አላት። አውሮራ በበኩሏ ከአዳማ ጋር ተመሳሳይ ግንኙነት መሥርታለች። በሃቫና ጎዳና በእንጀራ ቤቶቹና በሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮቹ መካከል ለሚመላለስ ኢትዮጵያዊ የአክሱም ስም የሩቅ ታሪክ ይመስል ይሆናል። የትርጉም ጉዳይ ሲነሣ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በአክሱም መንግሥት ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መጻሕፍቱ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመለሱ። ብሉይ ኪዳን የተተረጐመው ከዕብራይስጡ ሳይሆን «የሰባ ሊቃናት» ከሚባለው የግሪክ ትርጉም ነው። ስለዚህ የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከመነሻው የትርጉም ትርጉም ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ «መተርጉም» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ጳጳስ አባ ሰላማ ከዓረብኛ ብዙ መጻሕፍትን አስተረጐሙ፤ በዚያው ዘመን የወንጌሉ የግእዝ ንባብም በዓረብኛው መሠረት ታርሟል።

ይህ ሁሉ እጅ ያረፈበት ንባብ ከመነሻው ምን ያህል ራቀ? ለማወቅ የሚያስችለው ማስረጃ የተገኘው በዓድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አባ ገሪማ ወንጌልን በአንድ ቀን ጽፈው ይፈጽሙ ዘንድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆይታላቸዋለች። ምሁራን ግን ለረጅም ጊዜ የገዳሙ ወንጌሎች በመካከለኛው ዘመን የተጻፉ ናቸው ብለው ሲያምኑ ኖረዋል። ብራናው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በካርቦን ሲመረመር ውጤቱ ከ330 እስከ 650 እ.አ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ አረፈ። በዓለም ላይ ካሉ በሥዕል ያጌጡ ጥንታዊ ወንጌሎች መካከል ግንባር ቀደም ናቸው።

በእነዚህና በሌሎች ጥንታውያን ብራናዎች አማካይነት ሆላንዳዊው ምሁር ሮኹስ ዙርሞንድ የማርቆስንና የማቴዎስን ወንጌል የግእዝ ንባብ እየለየ አሳትሟል። የጥንቱ ንባብ የትኛው እንደሆነ፣ ኋላ የታረመውስ የት የት እንደሆነ ዛሬ በቁጥር በቁጥር ማየት ይቻላል። ለውጥ መኖሩ እውነት ነው፤ ለውጡ ግን አሻራውን ትቶ አልፏል።

ሄኖክና ኩፋሌ፦ ለትርጉም የቀረበ ፈተና

የትርጉም ትርጉም ይታመናል ወይ የሚለውን ጥያቄ በተግባር የፈተኑ ሁለት መጻሕፍት አሉ። ሁለቱም ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው፤ እነርሱም መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ናቸው።

ሄኖክ መጀመሪያ የተጻፈው በአራማይክ ሲሆን ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። በሌላው ዓለም መጽሐፉ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ጠፍቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.አ.አ. በ1773 ሦስት የግእዝ ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ ሲገባ ብዙዎች ተደነቁ። ይሁን እንጂ የንባቡን ታማኝነት የሚያረጋግጥ መነሻ አልነበረም። በእጅ ያሉት የግእዝ ቅጂዎች ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የተጻፉ ናቸው። የአራማይኩን መልክ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

እ.አ.አ. በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን በተባለው ስፍራ፣ አራተኛው ዋሻ ተገኘ። ከውስጡ ከወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች መካከል የሄኖክ አራማይክ ንባብ ይገኝበታል። ቁርጥራጮቹ በእጅ ካሉት የግእዝ ቅጂዎች በ1,400 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀድማሉ። ዮሴፍ ሚሊክ እ.አ.አ. በ1976 ሲያሳትማቸው ንጽጽሩ ተቻለ። ቁርጥራጮቹ በሚሸፍኑት ቦታ ሁሉ ሊቃውንቱ ሲያነቡት የኖሩት ያው መጽሐፍ መሆኑ ታወቀ። ልዩነትም ተገኝቷል፤ ስለ ከዋክብትና ስለ ፀሐይ ዑደት የሚናገረው ክፍል በአራማይኩ ከግእዙ ይረዝማል። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ላለው ክፍል ደግሞ በቁምራን አንድም ቁራጭ አልተገኘም።

በኩፋሌ ላይ የተገኘው ውጤት ይበልጥ ያስገርማል። መጽሐፉ ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ግእዝ የተሻገረ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጀምስ ቫንደርካም የቁምራኑን የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ከግእዙ ጋር ቃል በቃል ካነጻጸረ በኋላ የግእዙ ንባብ ለዕብራይስጡ እጅግ የቀረበና የታመነ መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ፣ ከሺህ ዓመት በላይ በእጅ ሲገለበጥ የኖረ መጽሐፍ ፈተናውን አልፏል።

በካይሮ የተጀመረው የአማርኛው ጉዞ

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ከአገር ርቆ፣ በስደት ላይ በነበረ ሰው እጅ ተጀምሯል። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ብዙ አገር ዞሮ ካይሮ ይደርሳል። በዚያ የፈረንሳይ ቆንስላ ባልደረባ የነበረው አሴሊን ደ ሼርቪል የቋንቋ ችሎታውን አይቶ ሥራውን ይጀምራሉ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአሥር ዓመታት ያህል ተቀምጠው ሠሩ። ዓረብኛውን ቁጥር በቁጥር ያነባሉ፤ የሚያስቸግር ቃል ሲገጥማቸው አሴሊን ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱንና ግሪኩን እየተመለከተ ያብራራል፤ አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፋል። በመጨረሻ 9,539 ገጽ የእጅ ጽሑፍ ተጠናቀቀ። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ፤ ድካሙ ታትሞ አላየም።

ጽሑፉን እ.አ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ለብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት ለኅትመት አዘጋጅቶት ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 እ.አ.አ. ወጡ። በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር አርሞት እንደገና ታተመ።

እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዋና መነሻው ዓረብኛ ነበር። ትርጉሙ እዚያው ቢቆም ኖሮ የልጆቹ ጨዋታ ምሳሌ በከፊል ትክክል በሆነ ነበር። ግን አልቆመም። በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተቋቋመ ኮሚቴ ዕብራይስጡንና ግሪኩን መሠረት አድርጎ ያዘጋጀው ትርጉም በ1954 ዓ.ም. ታተመ። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በዘመኑ አነጋገር የተዘጋጀ ሌላ ትርጉም አወጣ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ2000 ዓ.ም. 81ዱን መጻሕፍት በአማርኛ አሳተመች።

ከእነዚህ ሌላ በኮሎራዶ በኩል ያለፈ ትርጉም አለ። ከዴንቨር በስተደቡብ በምትገኘው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ለዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱን አድርጎ የቆየው፣ በኋላ «ቢብሊካ» የተባለው ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር፣ ከላይ የተጠቀሰውን የእንግሊዝኛ ትርጉም በባለቤትነት የያዘ ድርጅት ነው። «አዲሱ መደበኛ ትርጉም» የሚባለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.አ.አ. በ2001 ያወጣው ይኸው ማኅበር ነው።

400 ሺህ ልዩነት ምን ማለት ነው?

የሐዲስ ኪዳን የግሪክ ቅጂዎች ብዛት፣ ትንሽ ቁራጩም ተቆጥሮ፣ 5,800 ገደማ ይደርሳል። ከእነዚህ ውስጥ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ረዣዥም ቅጂዎች አይገኙም። አሜሪካዊው ምሁር ባርት ኧርማን እ.አ.አ. በ2005 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ በቅጂዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በሐዲስ ኪዳን ካሉት ቃላት ብዛት እንደሚበልጥ ጽፏል። 400 ሺህ የሚል ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ በግሪኩ ሐዲስ ኪዳን ያሉት ቃላት ደግሞ 138 ሺህ ያህል ናቸው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። የልዩነቱ ምንጭ ግን የቅጂዎቹ ብዛት ራሱ ነው። አንድ ብራና ብቻ ቢተርፍ ኖሮ አንድም ልዩነት ባልኖረ ነበር፤ ስሕተቱንም የሚነግር ባልተገኘ ነበር። በዴንቨር አጠገብ በሊትልተን በሚገኘው ዴንቨር ሴሚናሪ ለረጅም ዓመታት ሐዲስ ኪዳን ያስተማሩት ክሬግ ብሎምበርግ እ.አ.አ. በ2014 ባወጡት መጽሐፍ ይህንኑ ክርክር አንሥተዋል። መጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠው ትርጉሞችን ማመን ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ነው። እርሳቸው ወንጌላዊ አማኝ ናቸው፤ ኧርማን ደግሞ እምነቱን የተወ ምሁር ነው። በመደምደሚያቸው ብዙ ይለያያሉ። ከልዩነቶቹ እጅግ የሚበዙት የፊደል አጻጻፍ፣ የቃላት ቅደም ተከተልና የጸሐፊ መሳት መሆናቸውን ግን ሁለቱም ይቀበላሉ።

ለግእዝና ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሠ እና ሰ ሲቀያየሩ ማን ያላየ አለ? አንዱ ጸሐፊ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ» ቢል በቆጠራው ሁለት ንባብ ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን አንድ ነው።

ከዚህ የሚከብዱም አሉ። በማርቆስ ወንጌል መጨረሻ ያሉት 12 ቁጥሮች በሲናይና በቫቲካን በሚታወቁት የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለት ታላላቅ ቅጂዎች ውስጥ የሉም። በዝሙት የተያዘችው ሴት ታሪክም በጥንታውያኑ የዮሐንስ ወንጌል ቅጂዎች አይገኝም። የጃንደረባው ቁጥር 37 ከእነዚሁ ይቆጠራል። በጥንታውያኑና በዋነኞቹ የግሪክ ቅጂዎች የለም። በሌላ በኩል ቅዱስ ኢሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የጃንደረባውን ምስክርነት ጠቅሶታል፤ ስለዚህ ቃሉ ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው። ብዙ ምሁራን ተጠማቂው በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይመሰክረው የነበረ ቃል ከኅዳግ ወደ ንባቡ ገባ ይላሉ። የሆላንዱ ሊቅ ኤራስሞስ እ.አ.አ. በ1516 ግሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ ሲያወጣ ቁጥሩን ያገኘው በአንድ ቅጂ ኅዳግ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወደ ንባቡ አስገባው፤ ከዚያም ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተሻገረ። እንግዲህ አዲሶቹ ትርጉሞች ቁጥሩን ከንባቡ ያወጡት ከቀደሙት ይልቅ ጥንታዊ የሆኑ ቅጂዎችን ስላገኙ ነው።

አንድ ቃል ሰፊ ልዩነት የሚፈጥርበት ቦታ

የቅጂ ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ የተርጓሚ ምርጫ ሌላ ነው። ተርጓሚዎች አንድ ዓይነት ንባብ ከፊታቸው አስቀምጠው የተለያየ ቃል ሊመርጡ ይችላሉ። በኢትዮጵያውያን መካከል እጅግ ያከራከረው ምሳሌ ሮሜ 8፥34 ነው። የ1954ቱ ትርጉም ስለ ክርስቶስ ሲናገር «የሚማልደው» የሚል ቃል ይጠቀማል፤ የ2000 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ እትም «የሚፈርደው» ይላል። ግሪኩ «ኤንቱንካኖ» የተሰኘውን ግስ ይጠቀማል፤ ይኸውም በአንድ ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ ጉዳይን ማሰማት፣ መለመን ወይም አቤት ማለት ነው። ያው ግስ በሮሜ 11፥2 ኤልያስ በእስራኤል ላይ ለእግዚአብሔር ያቀረበውን ክስ ለመግለጽ ተጠቅሷል። ግእዙ ደግሞ መሟገትን የሚያመለክት «ይትዋቀስ» የሚል ቃል አለው።

ከቃሉ ጀርባ ታላቅ የእምነት ጥያቄ አለ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ክርስቶስ ዛሬም አማላጅ ነው ብለው ያስተምራሉ። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደግሞ ከአብና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር በሥልጣን እኩል የሆነው ወልድ ፈራጅ መሆኑን ታጸናለች። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ፣ ወንድም ከእህት የሚከራከርበት ጉዳይ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የጠፋ ብራና የለም፤ ያለው የቃልና የትርጓሜ ክርክር ነው። የብራና ጥናት ግሪኩና ግእዙ ምን እንደሚሉ ሊናገር ይችላል፤ የነገረ መለኮቱን ክርክር ግን ብቻውን አይፈታም።

ሌላው ምሳሌ የአገሪቱ ስም ነው። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለመዘርጋቷ የሚናገረውን የመዝሙር ቃል የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በስልኩ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ግን «ኩሽ» የሚል ስም ሊያገኝ ይችላል። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ይላል፤ የግሪኩ ተርጓሚዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት «ኢትዮጵያ» ብለው መለሱት፤ ግእዙም ተከተላቸው። በጥንቱ አጠራር ስሙ በዋናነት ከግብጽ በስተደቡብ ያለውን፣ ዛሬ ሱዳን የሚባለውን ምድር ይሸፍን ነበር። የመዝሙሩ ቁጥር እንኳ ይለያያል፤ በአንዱ 68ኛ፣ በሌላው 67ኛ ነው። ግሪኩና ግእዙ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር እንደ አንድ ስለሚቆጥሩ ነው።

የመጻሕፍቱም ብዛት አንድ አይደለም። ፕሮቴስታንቱ 66፣ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81 ትቆጥራለች። ይህ በትርጉም ብዛት የመጣ መዛባት አይደለም፤ የትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው በሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት ከጥንት ጀምሮ የወሰኑት ውሳኔ ልዩነት ነው።

ዕብራይስጡ ራሱም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ መልክ አልነበረውም። በቁምራን የተገኘው ታላቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ቀድሞ ይታወቁ ከነበሩት ሙሉ የዕብራይስጥ ቅጂዎች በሺህ ዓመት ገደማ ቢቀድምም በአብዛኛው ከእነርሱ ጋር ይስማማል። የኤርምያስ መጽሐፍ ግን በግሪኩ ከዕብራይስጡ አንድ ስምንተኛ ያህል ያጥራል፤ በቁምራን ደግሞ አጭሩን መልክ የሚደግፍ የዕብራይስጥ ቁራጭ ተገኝቷል። ሁለት መልክ በአንድ ዘመን ሲነበብ ኖሯል ማለት ነው።

«አንድም»፦ የሊቃውንቱ መልስ

በኢትዮጵያ የትርጓሜ ጉባኤ ቤት ልዩነትን መሸሸግ ልማድ አልነበረም። መምህሩ የግእዙን ንባብ ያሰማል፤ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ሌላ ፍች ካለ «አንድም» ብሎ ይጨምራል፤ ሦስተኛ ካለም እንዲሁ። የንባብ ልዩነት ሲኖርም ይጠቅሳል። ትርጓሜው «አንድምታ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ደቀ መዝሙሩ ብዙ ፍች መኖሩን ሲሰማ እምነቱ እንዲናወጥ ሳይሆን ንባቡን በጥልቀት እንዲያውቅ ይጠበቅበታል።

ይህ ሀብት ዛሬ ከአሜሪካም ጋር ተያይዟል። እ.አ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ቀርጾ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት አስቀምጧል። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዓመታቸውን የሰጡት እነዚህን ብራናዎች ለመመዝገብና ለማስተዋወቅ ነበር። በጦርነትና በዝርፊያ የሚጠፋ እያንዳንዱ ብራና፣ የንባቡን ታሪክ የሚመሰክር አንድ ድምፅ ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ ሥራ መረዳት ይቻላል።

ታዲያ በዴንቨርና በአውሮራ ያለ አንባቢ ምን ያድርግ? ትርጉሞቹን እንደ ተቀናቃኝ ከማየት ጎን ለጎን ቢያነባቸው የቅጂዎቹን ሥራ ራሱ ይሠራል። ከመቅድሙ መጽሐፉ ከየትኛው ቋንቋ እንደተተረጐመ ያውቃል። የግርጌ ማስታወሻውን ካልዘለለ የት ቦታ ላይ ልዩነት እንዳለ ይነገረዋል። እናትና ልጅ፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በእንግሊዝኛ አንድ ምዕራፍ አብረው ቢያነቡ፣ ቃላቱ የማይገጥሙበት ቦታ ጥሩ የመወያያ መነሻ ይሆናል። የተነበበው እውነት ነው ወይ፣ ከእግዚአብሔር ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በካርቦን ምርመራ አይመለስም፤ እርሱ የእምነት ድርሻ ነው።

ጃንደረባው በሠረገላው ያነበው የነበረው መጽሐፍም ለዚህ ይረዳል። ሉቃስ የጠቀሰው የኢሳይያስ ቃል ከዕብራይስጡ ይልቅ ከግሪኩ ትርጉም ጋር ይገጥማል። በሐዲስ ኪዳን መጽሐፍ ሲያነብ የተገኘው ኢትዮጵያዊ በታሪኩ የሚታየው ትርጉም እያነበበ ነው። ፊልጶስም የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ነበር፤ እርሱም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው መለሰ።

ቁጥር 37ም አልጠፋም። ልጁ በስልኩ ላይ በቁጥር 36 መጨረሻ ያለችውን ትንሽ ምልክት ቢነካ፣ እናቱ በአማርኛ የምታነበውን የጃንደረባውን ምስክርነት ከነታሪኩ በግርጌ ማስታወሻው ያገኘዋል።